ምርጥ ፎቶዎቼን ለፕሪሚየም ስብስብ ልስጥ ወይስ ይቅርብኝ? ጥያቄዬና የመጡት መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ እዚህ የጣልኩት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የውይይቱ ክር ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። አዲስ የሚገባ ሰው መሀል ላይ ግራ እንዳይገባው፣ ጥያቄዬንም መልሶቹንም በራሴ ቃል በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መክፈቻ

ለስቶክ ፎቶ ኤጀንሲዎች (የተዘጋጀ ፎቶ የመጠቀም ፈቃድ ለሚሸጡ ድርጅቶች) መላክ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በአምስት ኤጀንሲዎች ወደ 2,600 ፎቶ አለኝ። ጥያቄውን ከመጻፌ ከሳምንት በፊት ከአንዱ ኢሜይል መጣልኝ። 64 ፎቶዎቼን ለአዲሱ የፕሪሚየም ስብስባቸው መርጠዋል። በጣም ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ኢሜይሉን እየከፈትኩ ሳነበው ዋልኩ።

ማታ ላይ ውሉን ከፈትኩት። የአንድ ፎቶ ዋጋ ከ5 ዶላር ወደ 50 ዶላር ይወጣል። የእኔ ድርሻ ግን እንደነበረው 20 በመቶ ነው። ፎቶዎቹን ከሌሎቹ አራት ኤጀንሲዎች ማንሳት አለብኝ። አንዴ ከገቡ ለሁለት ዓመት መልሼ ላወጣቸው አልችልም። መልሴን የምሰጠው በ30 ቀን ውስጥ ነው።

ጭንቀቴ የመረጧቸው ፎቶዎች ዋና መተዳደሪያዎቼ መሆናቸው ነው። የወር ገቢዬን ግማሽ ያህል የሚያመጡት እነሱ ናቸው። አቋሜንም አልደበቅኩም። ዋጋ መጨመሩን እደግፋለሁ። ፎቶ በሳንቲም ሲሸጥ ለዓመታት አይቻለሁ፣ ያማል። ነገር ግን ዋጋው አሥር እጥፍ ሲሆን ጭማሪው ማን ኪስ ውስጥ ነው የሚገባው? የገባችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ ብዬ ጨረስኩ።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ በጣም ጨዋ ነበረች። እንኳን ደስ አለህ ብላ ጀመረች። ሦስት ዓመት በእንዲህ ዓይነት ስብስብ ውስጥ እንደቆየች ነገረችን። ሽያጩ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ግን አንዱ ብቻውን የብዙ ቀን ሽያጭ ያህል ይከፍላል። ምክሯ ግልጽ ነበር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትስጥ፤ ጥቂት ሰጥተህ ስድስት ወር ጠብቅና እይ።

መልስ 2

ሁለተኛው የኤጀንሲውን ስም ጠየቀ። አልነገርኩትም፣ ውሉ ገና በድርድር ላይ ስለሆነ።

መልስ 3

ሦስተኛው ካልኩሌተር ይዞ መጣ። እኔ ቀድሜ ልሠራው የሚገባኝን ሒሳብ ሠራልኝ። መነሻ ያደረገው አዶቤ ስቶክ የተባለውን ኤጀንሲ ነው። እዚያ የፎቶ ድርሻ 33 በመቶ ነው፤ በደንበኝነት ክፍያ ከሚወርድ ፎቶ ደግሞ አንሺው የሚያገኘው ዝቅተኛ ክፍያ 0.33 ዶላር ነው። ከ50 ዶላር 20 በመቶ 10 ዶላር ይሆናል። 10ን ለ0.33 ስናካፍል 30 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ አንድ የፕሪሚየም ሽያጭ 30 የደንበኝነት ሽያጭ ይተካል።

ከዚህ ተነስቶ አንድ ነገር አዘዘኝ። እያንዳንዱ ፎቶ በአራቱ ኤጀንሲ በዓመት ስንት ጊዜ እንደተሸጠ ለየብቻው ቁጠር አለ። ቆጠርኩ፣ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ከ64ቱ 19ኙ እያንዳንዳቸው በዓመት ከ60 ጊዜ በላይ ይሸጣሉ። የቀሩት 45 ግን አብዛኞቹ አሥር ጊዜም አይሞሉም። 64ቱን እንደ አንድ ጆንያ እቆጥራቸው ነበር። እነሱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለዚህ መልስ እስካሁን አመስግኜ አልጠገብኩም።

መልስ 4

አራተኛዋ ሒሳቡን አልወደደችውም። አነጋገሯ ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ ነጥቧ ግን ትክክል ነው። መልስ 3 ፎቶው ሁለቱም ቦታ እኩል የሚታይ አድርጎ አስቧል። እንደዚያ አይደለም። የወር ደንበኛ የሆነ ገዢ የከፈለው ክፍያ ብዙ ጊዜ ፕሪሚየሙን አይሸፍንለትም። ለዚያ ፎቶ እንደገና መክፈል አለበት። ስለዚህ ሲፈልግ ፕሪሚየሙን ከፍለጋው ያስወጣዋል። ያኔ ፎቶው ለእሱ የለም ማለት ነው። ዋጋውን ትታችሁ ፎቶው በፍለጋ ስንተኛ ገጽ ላይ እንደሚወጣ ጠይቁ አለች። 50 ዶላር የተለጠፈበትና ማንም ያላየው ፎቶ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

መልስ 5

ይኼ የክሩ ረጅሙ መልስ ነው። የጻፈው ከመጀመሪያዎቹ የማይክሮስቶክ (ፎቶ በትንሽ ዋጋ በኢንተርኔት የመሸጥ) ዓመታት ጀምሮ የነበረ ሰው ነው። ብዙዎቻችን ታሪኩን ስለማናውቅ ሰፋ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

አይስቶክፎቶ (በአጭሩ አይስቶክ) የተባለው ኤጀንሲ በ2000 በብሩስ ሊቪንግስተን ተመሠረተ። መጀመሪያ ዲዛይነሮችና ፎቶ አንሺዎች ፎቶ የሚለዋወጡበት ነበር። ከዚያ በትንሽ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው ሌላ የፎቶ ኤጀንሲ በየካቲት 2006 በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2009 አይስቶክ ውስጥ ቬታ የተባለ ስብስብ መጣ። ዋጋው ከሌላው በብዙ ይበልጥ ነበር፣ የሚገባውም ለአይስቶክ ብቻ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ነበር። በ2010 ኤጀንሲ የሚባል ሌላ ውድ ስብስብ ተጨመረ። መልስ ሰጪው ያን ጊዜ የነበረውን ስሜት ሲገልጽ ቃላቱ ይሞቃሉ። ሰው ቬታ ለመግባት ብሎ አነሳሱን ቀየረ። ብርሃን ጠበቀ፣ ቦታ ፈለገ፣ ሰዎች ቀጠረ። ሥራው በእውነት አደገ።

በመስከረም 2010 ግን ኩባንያው ከሚቀጥለው ዓመት የሚጀምር አዲስ የክፍያ ሥርዓት አስታወቀ። ለአንድ ኤጀንሲ ብቻ የማይሠሩት እስከዚያ 20 በመቶ ነበር የሚያገኙት። አሁን ከ15 እስከ 20 ሆነ፤ የት ላይ እንደምታርፍ የሚወስነው በዓመቱ የሸጥከው የክሬዲት (ገዢው ቀድሞ የሚገዛው የመክፈያ ነጥብ) ብዛት ነበር። ለአይስቶክ ብቻ የሚሠሩት ደግሞ ከ25 እስከ 45 በመቶ። 45 ለመድረስ ግን የሚጠየቀው ሽያጭ ለአብዛኛው ሰው የማይደረስ ነበር። የእሱ መልእክት ይሄ ነው። የዋጋ ጭማሪውና የድርሻ ቅነሳው በአንድ ቤት ውስጥ የመጡት በዓመት ከምናምን ልዩነት ነው። አንዱ ሌላውን ወለደ አላለም። ዋጋ ሲወጣ አይታችሁ ስለ ድርሻችሁ አትርሱ ነው ያለው።

እኔ በበኩሌ ይህን ካነበብኩ በኋላ ውሉን እንደገና ከፈትኩት። ስለ ድርሻ የሚለውን አንቀጽ ፈለግኩ። ለሁለት ዓመት አይነካም የሚል ቃል የትም የለም።

መልስ 6

ስድስተኛው መልስ 5ን አከበረና ሁለት ነገር አረመ። አንደኛ፣ ኤጀንሲ የሚባለው ስብስብ የአይስቶክ ሰዎች ብቻ አልነበረም፣ በጌቲ በኩል የመጡ የውጭ ፎቶዎችም ነበሩበት። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ቅር ያለው በዚህም ነው። ሁለተኛ፣ ታሪኩ እዚያ አያበቃም። የዋጋ ደረጃዎቹ በዝተው ገዢ ግራ ሲጋባ በ2014 ሁሉም ነገር ወደ ሁለት ተጨመቀ። መደበኛው በ1 ክሬዲት፣ ሲግኔቸር የተባለው በ3 ክሬዲት። ሥጋቱ ገባኝ። ዛሬ ፕሪሚየም ያልከው ነገ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ሊሸጥ ይችላል።

መልስ 7

ሰባተኛዋ ፎቶ አንሺ አይደለችም፣ ገዢ ናት። ዲዛይነር ነች። እስካሁን ሁላችንም ስለ ገዢ ስናወራ ማንም ገዢን አልጠየቀም ነበር፤ በመግባቷ ደስ ብሎኛል። ውድ ፎቶ የምትገዛው ጊዜ ለማትረፍ እንደሆነ አስረዳች። በመደበኛው ክምችት ውስጥ አንድ ቃል ስትጽፍ ብዙ ሺህ ፎቶ ይመጣል፣ ሁለት ሰዓት ታገላብጣለች። በተመረጠ ስብስብ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ይበቃታል። አለቃዋ ለዚያ ጊዜ ነው የሚከፍለው። ሹተርስቶክ የተባለው ኤጀንሲ በ2013 ኦፍሴት የተባለ ውድ ስብስቡን ሲከፍት ዋጋው 250 እና 500 ዶላር እንደነበር አስታወሰች። ለብዙዎቻችን አስደንጋጭ ነው። ፎቶ አንሺ ቀጥሮ አዲስ ከማስነሳት ጋር ሲወዳደር ግን ርካሽ ነው። ሌላም ጨመረች። ተፎካካሪው ኩባንያ ያንኑ ፎቶ እንዳይለጥፍ ትፈልጋለች።

መልስ 8

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ስምንተኛው የመጨረሻዋን ነጥብ ይዞ ገዢዋን ክፉኛ ገሰጻት። ሳይጠይቁ ሰው ማሳሳት ነው እስከማለት ደረሰ። ሮያሊቲ-ፍሪ (አንዴ ተከፍሎበት ደጋግመው የሚጠቀሙበት) ፎቶ በ5 ዶላርም ይሁን በ500 ሌላው ሰው ሊገዛው ይችላል። ያን ለመከልከል የሚያስችለው ፈቃድ ራይትስ ማኔጅድ የሚባለው ነው። ፎቶው የት፣ ለስንት ጊዜ፣ በምን መጠን እንደዋለ ይመዘገባል፣ ዋጋውም በዚያ ይሰላል። ጌቲ ለፈጠራ (ዜና ላልሆኑ) ምስሎቹ ይህን ፈቃድ እንደሚያስቀር በ2019 መጨረሻ አስታወቀ። ስለዚህ ውድ ዋጋ የብቻ ይዞታ አይሰጥም።

እውነቱን ተናግሯል። አነጋገሩ ግን አላስፈለገም፣ ይህንንም እዚያው ጻፍኩለት። መልስ 9 ራሷ ገዢዋ ነች። አልተቆጣችም፣ እርማቱን ተቀበለች። ነገር ግን ውድ ፎቶን ጥቂት ሰው ስለሚገዛው አደጋው እንደሚቀንስ ተናገረች። ይህም ትክክል ነው።

መልስ 10

አሥረኛው ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል በሚለው ተረት ጀመረ። እሱ ባላውን አንድ ብቻ የተከለበትን ጊዜ አወራን። 400 ፎቶ ለአንድ አነስተኛ ኤጀንሲ ብቻ ሰጥቶ ነበር። ኤጀንሲው ተዘጋ። የስምንት ወር ክፍያው ቀረ። ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ እንደገና ሲጭን ከዜሮ ጀመረ፣ የሽያጭ ታሪክ ስለሌላቸው ፍለጋ ላይ ወደ ታች ወረዱ። ወደ ነበሩበት ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ይህን ያነበብኩት 19ኙን በብዛት የሚሸጡ ፎቶዎቼን እያሰብኩ ነው። ከአራት ኤጀንሲ ባነሳቸው የሚጠፋው የዛሬው ገቢ ብቻ አይደለም። ለዓመታት የገነቡት ቦታም ይጠፋል።

መልስ 11

ለዚህ የመጣው መልስ ኃይለኛ ነበር። አሥራ አንደኛው መደበኛው ክምችት ውስጥ ተበትኖ መቀመጥ ደህንነት ነው የሚለውን አስተሳሰብ አልተቀበለም። ሹተርስቶክ በሰኔ 2020 ያደረገውን አነሳ። ድርሻው ከ15 እስከ 40 በመቶ በደረጃ ተከፈለ። ደረጃው በየዓመቱ ጥር 1 ቀን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዝቅተኛው ክፍያ 10 ሳንቲም ሆነ። ያ ሁሉ የደረሰው መደበኛ ፎቶ ላይ ነው፣ ፕሪሚየም ላይ አይደለም። አምስት ኤጀንሲ ላይ መበተን ማንንም አላዳነም፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብሎ ዘጋው። መልስ 10 ተመልሶ አልጻፈም። እኔ ግን አላሳመነኝም። አንዱ ድርሻ ሲቀንስ አራቱ ይቀሩልሃል፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

መልስ 12 እና 13

አሥራ ሁለተኛዋ ዋጋውን ትታችሁ ባለቤትነቱን ተመልከቱ አለች። ምሳሌዋ ስቶክሲ ነው። ያው የአይስቶኩ ብሩስ ሊቪንግስተን ከብሪያና ዌትላውፈር ጋር መሥርቶ በ2013 ሥራ ያስጀመረው የኅብረት ሥራ ማኅበር። ፎቶ አንሺው ባለድርሻ ነው። ሲጀመር ከመደበኛ ፈቃድ 50 በመቶ፣ ከተራዘመው (ሰፋ ያለ አጠቃቀም ከሚፈቅደው) ፈቃድ ደግሞ 100 በመቶ ለአንሺው ይሄዳል ተብሎ ነው። እዚያም ፎቶው ለስቶክሲ ብቻ ነው የሚሰጠው። የብቻ መሆን መጥፎ ነገር አይደለም፣ በምላሹ የምታገኘው ድርሻ ነው የሚለየው። ይህን አባባሏን ደጋግሜ አሰብኩት። ከእኔ የሚጠየቀው የብቻ ታማኝነት ነው፣ የሚሰጠኝ ግን ያው የድሮው 20። አሥራ ሦስተኛው የስቶክሲ የአባላት ቁጥር የተገደበ ስለሆነ ለሁሉም መፍትሔ እንደማይሆን አስታወሰ።

ከመልስ 14 እስከ 17

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሄደ። አሥራ አራተኛው የፕሪሚየም ስብስብ ለሰው ሥራ መጠለያ ይሆናል ብሎ ያምናል። ጌቲ በመስከረም 2022 በማሽን የተሠራ ምስል እንደማይቀበል ማስታወቁን አነሳ። አሥራ አምስተኛዋ ወዲያው ሌላውን ጎን አመጣች። ሹተርስቶክ በዚያው ዓመት በጥቅምት ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው ኦፕንኤአይ ጋር መተባበሩን አስታወቀ፣ አዶቤ ስቶክም በታኅሣሥ ምልክት ተደርጎበት ከቀረበ እንደሚቀበል ገለጸ። ጌቲ ራሱም በ2023 የራሱን ምስል ፈጣሪ አወጣ። አሥራ ስድስተኛው የሚያማርሩት ሰነፎች ናቸው የሚል ነገር ጻፈ፣ ሁለት ሦስት ሰው ተሳደበ፣ የተወሰነው ተሰረዘ። አሥራ ሰባተኛው መሀል ገብቶ ፕሪሚየም ለመግባት የትኛው ካሜራ እንደሚሻል ጠየቀ። የእኔ 64 ፎቶዎች ከሦስት የተለያዩ ካሜራዎች የመጡ ናቸው፤ አንዱ አሥር ዓመት የሞላው ነው ብዬ መለስኩለት።

መልስ 18

ክሩን ያዳነችው አሥራ ስምንተኛዋ ናት። ለእንዲህ ዓይነት ስብስብ ፎቶ መርጣ ታውቃለች። ምን እንደሚታይ ዘርዝራ ነገረችን። ያልተቀነባበረ የሚመስል ቅጽበት። የተፈጥሮ ብርሃን። ሞዴል የማይመስል ሰው። ለጽሑፍ የሚሆን ባዶ ቦታ። በአንድ ስሜት የተያያዙ ተከታታይ ፎቶዎች። የማይፈለገው ደግሞ ሺህ ጊዜ ያየነው ነው፤ እጅ ለእጅ መጨባበጥ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ፈገግ የምትል የስልክ ሠራተኛ።

ከዚያ ማንም ያላነሳውን ተናገረች። ፕሪሚየም ፎቶን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የራሱ እህት ናት። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው የተነሳች ሌላ ፎቶ በመደበኛው ዋጋ ሌላ ኤጀንሲ ውስጥ ትቀመጣለች። ገዢው 50 ዶላሩን ያይና እህቲቱን ፈልጎ በትንሽ ሳንቲም ይወስዳታል። ስለዚህ ውሎች ስለ ተመሳሳይ ፎቶዎችም አንቀጽ ያስገባሉ።

ሮጬ ውሉን ከፈትኩ። አለ። ተመሳሳይ የሆኑትም ከሌላ ቦታ መነሳት አለባቸው ይላል። ሦስት ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ። ለ64 ፎቶ ብዬ ያሰብኩት ነገር እህቶቻቸው ሲቆጠሩ ወደ 300 ፎቶ ሊሄድ ነበር።

መልስ 19

ስለ ገንዘብ ብቻ ነው የምታወራው፣ ፎቶ ፍቅር ነው የሚል ወቀሳ ነበር። ቀጥ ብዬ መለስኩ። ፎቶ እወዳለሁ። የቤት ኪራዬንም የምከፍለው በእሱ ነው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መልስ 20

ባለ ካልኩሌተሩ ተመለሰ። መልስ 4 ትክክል እንደነበረችና የፍለጋውን ቦታ ሒሳቡ ውስጥ ማስገባት እንደነበረበት አመነ። አዲሱ ሐሳቡ 19ኙን ጨርሶ እንዳልነካ ነው። ከ45ቱ ደግሞ በሌላ ቦታ እህት የሌላቸውን ብቻ ለይቶ መስጠት። ለየሁ። 28ቱ እህት አላቸው። 17 ፎቶ ቀረኝ።

መልስ 21

ሃያ አንደኛዋ ከመፈረሜ በፊት ለኤጀንሲው የምልካቸውን ሦስት ጥያቄዎች ሰጠችኝ። ድርሻዬ ሁለቱን ዓመት በሙሉ ይጸናል ወይ? 50 ዶላሩ በአጋር ድረ ገጾች በኩል በቅናሽ ሊሸጥ ይችላል ወይ? ያልተሸጠ ፎቶ ወደ መደበኛው ሊመለስ ይችላል ወይ፣ ከተመለሰስ የብቻ ግዴታው ይነሳል? እንዳለ ገልብጬ ላክሁት።

መልስ 22

የመጨረሻው መልስ የእኔው ነው። ኤጀንሲው ከአምስት ቀን በኋላ ጻፈልኝ። ድርሻውን በ30 ቀን ማስታወቂያ ሊቀይረው ይችላል። በአጋር በኩል ቅናሽ ይኖራል። 12 ወር ያልተሸጠ ፎቶ ወደ መደበኛው ዋጋ ይወርዳል፣ የብቻ ግዴታው ግን ሁለት ዓመቱ እስኪያልቅ አይነሳም።

የመጨረሻዋን መስመር መቀበል አልቻልኩም። ፎቶው በ5 ዶላር እየተሸጠ ሌሎቹ አራት ቦታዎች ሊዘጉበት አይገባም። ስለዚህ 17ቱን ብቻ እንደምሰጥ፣ ፎቶ ወደ መደበኛው በወረደ ቀን ግዴታው እንዲነሳ እንደምፈልግ ጽፌ ላክሁ። ቀነ ገደቡ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እስካሁን መልስ የለም። እንዲህ ዓይነት አንቀጽ አስቀይሮ የፈረመ ሰው ካለ፣ በምን ቃል እንደጻፈላቸው ቢያካፍለኝ በጣም ይጠቅመኛል።